ሌላ (ይገለጽ)

ከአዳር ተረኝነት ዓይኔ እንደቀላ፣
የጋውኔ ኪስ ውስጥ ቆሎ፣ ግማሹ የተበላ፣
ገባሁ ስልጠናው ክፍል።
መስኮቱ ጣናን ያያል፤
መጋረጃው ግን ለፕሮጀክተሩ ሲባል ተዘግቷል።

ዶክተር የውብዳር ቆመው ከሰሌዳው ጥግ፣
"የምርምር ጥያቄ መርፌ ነው" ይላሉ፤
"ቀዳዳው ካልጠበበ ክር አይዝም በወግ።
ጥበቡ ማጥበብ ነው። ጣናን ተዉት ለጣና፤
አንዲት ዓሣ ምረጡ፣ እሷን አጥኑ በጽሞና።"

የናሙናው ስሌት በቀይ ማርከር ተጻፈ፦
ሦስት መቶ ሰማንያ አራት፣
መልስ ለሚነፍጉን አሥር በመቶ ሲጨመርበት፣
አራት መቶ ሃያ ሁለት ነጥብ አራት።
ከኋላ ያንቀላፋው ደሳለው ነቅቶ ሳቀ፤
ነጥብ አራት ሰው የለምና
ሙሉ ሰው ተደረገ፣ ቁጥሩም በዚያው ጸደቀ።

የኔ ርዕስ፦ የደም ግፊት ካርድ አውጥተው ከክትትል የጠፉ።
ካርድ ክፍል ወረድኩ፤
ወይዘሮ ጥሩዬ አቧራ እያራገፉ
ክምሩን ሰጡኝ። በየስሙ ትይዩ ጻፍኩ እጄ እስኪዝል፦
ጠፍቷል። ጠፍታለች። ጠፍቷል።
እንደ ቁልፍ፣ እንደ በግ።
ማን ከማን እንደጠፋ የሚጠይቅ ሳጥን ቅጹ ላይ የለም፤
እኔም ያኔ አልፈለግሁም።

እንየው አለኸኝ፣ ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ አድራሻ ደቅ ደሴት።
ስልካቸው አይሠራም። ተሳፈርኩ ሰኞ ጠዋት።

ደንገል ሲያስሩ አገኘኋቸው፤ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣
"ያቋረጡት ለምንድን ነው?
ሀ፣ ረስቼ። ለ፣ ተሽሎኝ። ሐ፣ ብር አጥቼ።"

"አልረሳሁ። አልተሻለኝ። ዓሣ ሸጬ ብሩም ነበረኝ።
ጀልባው እሁድ ይወስደኛል፣ ሰኞ ይመልሰኛል፤
እናንተ ማክሰኞ ናችሁ።
ማክሰኞን ብጠብቅ ሳምንቱን የት ልደር?
አንዴ ጠብቄ ነበር፤
አደርኩ ከግንባችሁ ሥር፣ ዘበኛ እየቀሰቀሰኝ።
ጧት ስትለኩኝ የለካችሁት ሌሊቱን ነው፤
ኪኒን ጨመራችሁ፤ ለሌሊቱ እንጂ ለኔ መች ነው?
ደግሞ ማታ ማታ የከተማችሁ ብርሃን ከዚህ ይታየኛል፤
ሲጠፋባችሁም አያለሁ።
ታዲያ ማነው የጠፋው?"

መ፣ ሌላ (ይገለጽ)።
መስመሯ አራት ጣት አትሞላም።
ጀልባውን ብጽፍ ወደቡ ይተርፋል፤
ሌሊቱን ብጽፍ ዘበኛው አይገባም።
ጣና ሙሉውን፣ በአራት ጣት።

ለመሆኑ እኔስ መመለሻውን መች ጠየቅሁ?
ለአንድ ቀን ፈቃድ ወጥቼ እስከ እሁድ ደቅ ተቀመጥሁ።
ቤታቸው አደርሁ፣ ዓሣቸውን በላሁ፣
ጧት ጧት ግፊታቸውን ለካሁ።
ደህና ነበር። ደህና ነበር።
ዓርብ ብቻ ከፍ አለ፤ አንዲት በግ ጠፍታባቸው
ጠፍታለች ብለው አልጻፉም፤
እስኪያገኟት አልተኙም።

ስመለስ፣ የተረኞች ሰሌዳ ላይ፣ በስሜ ትይዩ፦
ጠፍታለች።

ዶክተር የውብዳር ሰንጠረዡን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።
"ከደሴቱ፣ ሌላ ያሉት ስንት ናቸው?"
"ሠላሳ አንድ።"
"ሁሉም ጀልባ?"
"ሁሉም።"
"ሠላሳ አንድ ሰው ምክንያቱ አንድ ከሆነ፣ ልጄ፣
ሌላ አይባልም፤
እኛ ነው የሚባል።"

የክትትሉ ቀን ይቀየር ተብሎ ለስብሰባ ተመርቷል።
ስብሰባውም ማክሰኞ ነው፤
እስካሁን ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም።

ካርዳቸውን ግን አስወጣሁ።
የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ፈርሜበት፣ ቀን ጽፌ፣
ስማቸውን አነበብኩ፤
እንደ ወትሮው ሳይሆን፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ትእዛዝ፦
እንየው።