መቶ አስራ ሁለት

በካትልሆንግ ታክሲ ረዳት የለም፤
ጋቢና የገባ አያንቀላፋም፤
ከኋላ የሚመጣ ገንዘብ ቆጥሮ መልስ ይመልሳል፣
አንድ ራንድ ቢጎድል ከኪሱ ይከፍላል።
ዛሬ ቆጣሪው እኔ ነኝ፣ ከአዳር የወጣሁት፣
ነጭ ጫማዬን በላስቲክ የቋጠርኩት።

ሬዲዮው ገና አፉን ሳይታጠብ ይሟገታል፤
አንዱ "የአስር ዓመት ዘፈን ባንድ ስልት ይጠራል" ይላል።
ሌላው ይስቃል፦ "በኮምፒውተር የተለቀመ ምት፣
ትንፋሽ ያልነካው፣ ክር ያልተወጠረለት፣
እንዴት ተደርጎ ነው ለዘመን ስም የሚሆነው?
ዘመን ስንት ጉድ አለው! ስንት ዓይነት ነው ሰው!"

ዱሚሳኒ፣ ሹፌራችን፣ አንገቱን ነቀነቀ፤
በአውራ ጣቱ ሬዲዮውን አነቀ፤
ፍላሽ ሰካ።
ዘፈኑ ስም የለውም፤ የሠራው ልጅ ገና አልጨረሰው፤
ትናንት ማታ በስልክ ጥገናው ደጅ ነው የሰጠው።
"ትራፊክ መብራቱ ጋ ሳንደርስ ካልነቀነቁ
የኋላ ወንበሮቹ፣ ዘፈን አይደለም፣ እወቁ።"

መጀመሪያ ዝናብ መሰለ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚያመነታ፤
ቀጥሎ ፒያኖ፣ ሰው በሌለበት ቤት የሚነካ በማታ፤
ከዚያ ያ ከበሮ፣ እንጨት ሳይኖረው የእንጨት ስም ያለው፣
ከወንበሬ ሥር ገብቶ በጎድኔ የወጣው።
ከኋላዬ ያለችው፣ ባልዲ ያቀፈችው፣
ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ጭንቅላቷን የሰጠችው።

እኔ ግን ቆጠርኩ፤ ልማዴ ነው፤ ሳንቲሙን ትቼ፣
የእጅ ሰዓቴ ላይ ዓይኔን ጎልቼ።
በደቂቃ መቶ አስራ ሁለት።
ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። አብሬው አድሬያለሁ ትናንት ሌሊት።

መብራት በተራ በሚጠፋበት ከተማ
ምጥ ተራ አይጠብቅም፣ ፕሮግራም አይሰማ።
ሬፊልዌ ትባላለች፤ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመት፤
ማሽኑ ጲፕ ጲፕ ይላል፣ በቀበቶ ሆዷ ላይ ታስሮላት፦
መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሃያ አምስት፣
ከዚያ መብራት ሄደ።

ጀኔሬተሩ ሁለቴ ሳለና ተኛ፤
ማሽኑ ዝም፤ ኮሪደሩ ዝም፤ ዝም ሁለታችን፣ እኛ።
"ሲስተር፣ ልጄስ? ድምፁ ጠፋ!"
ከኪሴ አወጣሁ የእንጨት ጥሩንባዬን፣
ሰፊ አፉን ከሆዷ፣ ከጠባቡ ጆሮዬን።
አለ። ከሩቅ አለ። መቶ አስራ ሁለት፤
የዳር ቁጥር፣ ትንሽ የሚያስፈራ፤
እሷ ግን አትሰማም፤ ጥሩንባው ላንድ ጆሮ ነው፣ የኔ ነው ተራ።
እናም በግራ ጣቴ የአልጋውን ብረት መታሁ፣
የሰማሁትን ብቻ፣ አንዲት ሳልጨምር፣ አሰማሁ፦
ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሬፊልዌ ሳቀች፣ በምጥ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ጣጣ፤
"ሲስተር፣ ይሄማ አማፒያኖ ነው! ማን አስተማረው ገና ሳይወጣ?"
ትከሻዋ ተነሣ፤ ቀጣዩ ምጥ እስኪይዛት ድረስ
ከአንገቷ በላይ ጨፈረች፣ የቀረው አካሏ ሲታረስ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ወንድ ልጅ፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።
መብራቱ የመጣው እሱ ካለቀሰ በኋላ ነው፣ ዘግይቶ።

እና ሰውዬው "ትንፋሽ ያልነካው" ሲል መልስ ነበረኝ፤
ስልክ ቁጥራቸውን አላወቅሁም፣ እንቅልፍም ያዘኝ።
ደግሞ እውነቱን ልናገር፦ ከጎረቤቴ ከኖምቩላ ቤት
መዝሙር እንጂ ሌላ አይወጣም፣ ቀንም ሌሊት፤
አስር ዓመቱ እሷንም አስረጅቷታል፣ በጸሎቷ።
የሆስፒታሉ ዘበኛ ሬዲዮ የማላዊ ጊታር ነው የሚዘፍን፤
እነዚህን የቱ ስም ሊሸፍን?
ያን ሕፃን ብትጠይቁትስ? እሱ ያለቀሰው
በራሱ ፍጥነት ነው።

"ሲስተር፣ ሂሳቡ ሞላ?" አለኝ ዱሚሳኒ።
ቆጠርኩ። አስራ አምስት ሰው፣ የአስራ አራት ሰው ገንዘብ።
ደገምኩ። ያው ነው።
የጎደለውን ከኪሴ ጨመርኩ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
መብራቱ ጋ ደርሰናል። ሁሉም ይነቀንቃል፤
ያልከፈለውም።