ቢጫው ጣቃ

ከስታዲየም አጥር፣ ከሱቆቹ ተርታ፣
የአባቴ ስፌት መኪና ሲንኳኳ ጠዋትና ማታ፣
ሁለት አገር ነበር ከመቀሱ ሥር የሚያድር፣
አንዱ ቀይ እንደ ፍም፣ አንዱ ቡኒ እንደ አፈር።
ቀይና ቡኒማ በየፊናቸው ነው፤
ቢጫው ግን አንድ ነው።
ከአንድ ጣቃ ቆርጦ፣ በአንድ ክር ጠምዝዞ፣
ለጊዮርጊስም ለቡናም ያድላል፣ እርሳስ በጆሮው ይዞ።
«የማን ነህ?» ይሉታል፤
«የመርፌ ነኝ» ይላል።

የደርቢ ሰሞን ሲደርስ፣
ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር አስፋልቱ ሲታመስ፣
ጥሩንባ ነፊው ነፍቶ፣ የሚሳደበው ተሳድቦ፣
ትኬት ያጣው ግንብ ላይ እንደ ርግብ ተሰብስቦ፣
እኔ አዝራር ለቃሚ፣ ከመኪናው ግርጌ፣
ጎሉን እለያለሁ፣ የጩኸቱን ወገን በጆሮ ፈልጌ፤
ከካታንጋ ሲመጣ እንደ ድንጋይ ናዳ፣
ከሚስማር ተራ ሲሆን እንደ ቆርቆሮ ቤት፣ በረዶ ሲፈነዳ።

አባቴ ግን የዚህን ፉክክር ታሪክ
የጻፈው በጎል አይደለም፤ በሜትር ነው፣ በብር፣ በልክ።
ደብተሩን ገለጥኩት፣ ከሞተ በኋላ፤
«ዘጠና አንድ፣ ጥቅምት። ቀይ አርባ ሜትር፣ ቡኒ ሃያ ስድስት። ዝናብ። ሰው ሳይሞላ።»
«ዘጠና ስድስት። ቡኒ አለቀ። ከመርካቶ በዱቤ መጣ።»
«ዘጠና ሰባት። የተቀደደ ሠላሳ። አንዱም አልከፈለም፣ ሁሉም ተቆጣ።»
ውጤት የለበትም።
ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ አንድ መስመር የለም።
ያሸነፈ ይጨፍራል፣ አራት ኪሎ ይወጣል፤
የተሸነፈ ግን ቀዳዳውን ይዞ ወደ ሰፊ ይመጣል።
እና አባቴ
በየዓመቱ ከተሸናፊ ጋር አመሸ።

ሁለት ወንድማማች ነበሩ፣ የእሪ በከንቱ ልጆች፣
ድንቅነህና ሽመክት፣ የአንድ ቤት ሁለት ደጆች፤
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከአንድ ሳህን ቆርሰው፣
እሁድ ሲሆን ባዳ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው።
ድንቅነህ ቀይ ነገር አልነካም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
ቲማቲም ሲገዛ እንኳ «አንሺልኝ» ይል ነበር አሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቃችን ገባ።
ከኮቱ ውስጥ ቀይና ቢጫ ሻርፕ አወጣ፣ ጫፉ የተተረተረ፣
በባዶ እጁ።
«የሽመክት ነው» አለ። «ከሳጥኑ ይገባል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።
አጥብቀህ ስፋው።
ተቀዶ ቢሄድ እዚያም ይስቁበታል።»
አባቴ ሰፋ። ሃምሳ ብር ሲዘረጋለት አልተቀበለም።
«ጋሼ» አለ ከበሩ ላይ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣
«ያቺ ጎል ኦፍሳይድ ነበረች። ዛሬም አልረሳኋትም።»

አሁን ስታዲየሙን ቆርቆሮ አጥሮታል፤
ደርቢው በእንግድነት ሌላ ከተማ ያድራል።
ጎረቤቴ ዋንጫ ይሸጣል፤ ለማን እንደሆን እንጃ።
እኔ መቀሱን ወረስኩ፣ መኪናውን፣ ያልተከፈለውን ዱቤ።
ቢጫው ጣቃ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ግማሽ ሰው ያህላል፣
አቧራው ሲራገፍ ዛሬም ዓይን ይወጋል።

ትናንት አንዲት ልጅ ገባች፣ የደብተር ቦርሳ ያዘለች፣
ጣቃውን ዳብሳ «ከዚህ ሻርፕ ይሠራል?» አለች።
«ይሠራል።»
«ስንት ነው?»
ነገርኳት። ብሯን መደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ቆጠረች፤
አምስት ጎደላት፣ ዝም አልኩ።
ሜትሩን ከአንገቴ አወረድኩ፣ ቢጫውን ዘረጋሁ፣ ቆረጥኩ።

የሌላኛውን ቀለም
ገና አልጠየቅኋትም።