ክፍል ሰባት

ጦሳ ጉም ደርቦ ደሴ ላይ አመሸሁ፣
የሦስት ቀን አበል ለአንድ ሌት ጨረስሁ።
ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ነው የቀረኝ፤
“ጤና የለህም ወይ?” አለች ሚስቴ፣ ደውላ ስትመክረኝ።

ቅስቱ እንደ ቅንድብ፣ መዝጊያው አረንጓዴ፣
በፊት በር ስገባ ጠበበኝ መንገዴ።
አባቴ በጓሮ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣
ይገባ ነበረ፤ ሲወጣም ደካክሞ።

“እንኳን ደህና መጡ” አለችኝ ሰዓዳ፣
ክፍል ሰባት ሰጠችኝ፣ ከላይኛው በረንዳ።
ጣራው ላይ መላእክት፣ ክንፋቸው የኖራ፣
መብራቱ እንደ ወይን በዘለላ የሚያበራ፤
ባኞው ባለ አራት እግር፣ ጊደር ያህላል፣
ፎጣው ተጠማዞ ዳክዬ ሆኖ አልጋው ላይ ተቀምጧል።
ሰው እንዴት ደፍሮ
ዳክዬ ፈትቶ ይታጠባል?

እራት ላዛኛ አዘዝኩ፣ ስሙን ተቸግሬ፤
“ሚጥሚጣ ይኖራል?” አልኩ፣ ትንሽ አፍሬ።

አባቴ ይማም ነው፣ ወለል አንጣፊው፣
የሲኞር ቤርቶን ስድብ በዝምታ አሳላፊው።
እናቴ ማታ ማታ ጉልበቱን በቅቤ ስታሸው፣
ይህ ማቶኔላ ነበር ቀን ቀን የሚያበላሸው።

ሊሞት ሲል ነገረኝ፣ በለሆሳስ ስቆ፦
“ክፍል ሰባት ውስጥ ነው፣ ከአልጋው ሥር ተደብቆ።
አንዷን ሸክላ፣ ልጄ፣ ሆን ብዬ አጣመምኩ፤
አበባው ሁሉ መስኮት ሲያይ
የኔን ወደ ሐይቅ አዞርኩ።”

አልጋውን ስገፋው ጩኸቱ በረታ፤
ስልኩ አንቃጨለ፦ “ምን ጠፋብዎ፣ ጌታ?”
“አብሽሪ፣ ልጄ” አልኳት፤ በጉልበቴ ዳኸሁ፣
በስልኬ ባትሪ ጥግ ጥጉን ቃኘሁ።
አገኘሁ።

አንድ ግን አይደለም። አራት ናቸው ጠማማ፤
ሥራ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተስማማ?
አንዷ ወደ ጦሳ፣ አንዷ ወደ በሩ፣
ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ሐይቅ የዞሩ።
ከሁለቱ የትኛው የይማም ነው? ማን ያውቃል።
ሌላስ የማን አባት እዚህ ጥግ ይስቃል?

ጧት ደረሰኝ ይዛ ሰዓዳ ስትሸኘኝ፣
“አልጋው ተመቸዎት?” ብላ ጠየቀችኝ።
“በጣም” አልኳት።
ጎኔ ግን ሸክላ ሸክላ ይላል፤
ዳክዬው አልጋው ላይ፣
እኔ ወለሉ ላይ አድረናል።