ያኮረፈች እጅ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር ስቀጥል ኖሬ፣
በኮምቦልቻ ፋብሪካ ጆሮዬን ደንቁሬ፣
የተበጠሰ ሁሉ ይቀጠላል ብዬ
አምን ነበር፤ ጣቴ ነበር መሐላዬ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣
ማክሰኞ ማለዳ፣ ጸጉሬን ሳበጥርበት፣
ሚዶው ከግራ እጄ ወደቀ ከመሬት።
«አንሺው» አልኳት።
ዝም አለች። ደገምኩላት።
ዝም።
አፌም ተጣሞ ኖሯል፤ ዘሀራ አይታኝ ስትጮህ ነው
የገባኝ፣ ያ ክንድ እንዳልሆነ የኔው።
ግራ ገባኝ ስል ኖሬ፣ ለካ ትርጉሙ ይህ ነው።

ሐረጎን በአምቡላንስ ዞርነው ጥምዝምዙን፣
ጉም ለብሶ ነበር ጦሳ፣ ደብቆ ራሱን።
ደሴ ስደርስ ክንዴ ተኝታለች ጎኔ ላይ፣
መናኸሪያ እንደተረሳ ሻንጣ፣ ባለቤቱ እንደማይታይ።

ሰው ለታላቁ እጅ ይነሳል፣ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት፤
እኔን በሽታው እጄን ነሳኝ፣ ሰላምታም የለበት።
ጠያቂ «እጅ እንዳትሰጪ» ይለኛል፤ ምን ልስጠው?
አንዷ ሄዳ፣ ሌላዋ ብርቱካኑን ይዛለች፤ ማን ይላጠው?

ፊዚዮቴራፒስቱ ነስረዲን፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ፣
«እማማ ጀማነሽ፣ አልሞተችም» አለኝ በመጀመሪያ፤
«አኩርፋ ነው። ከራስ እስከ ጣት የነበረው መንገድ ተዘጋ፤
በመመላለስ ሌላ እናወጣለን፣ ክረምት ከበጋ።»
ያኮረፈ አውቃለሁ፤ ወሎዬ ነኝ እኔ፤
ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ በዘመኔ።

ሽምግልናው ተጀመረ።
ቀኜን በሻሽ አሰራት። ጤነኛዋን!
ምን በድላ? ብለው፣
«እሷ ስትቀድማት ያቺ ተማመነች፤
ሥራ ያጣች እጅ መሥራት ትረሳለች።»
አንድ ሳህን ሽንብራ ከፊቴ ቀረበ፣
ጦሳን መሸከም መሰለኝ፤ ላቤ ተንጠበጠበ።
ጣቶቼ ሲጎተቱ፣ ዝናብ እንዳራሰው ገመድ፣
ሽንብራዋ ትሸሸኛለች፣ ከጠርዝ ጠርዝ ስትሄድ።
እኔ! በጨለማ ክር የምቋጥር ሴት፣
በአንዲት ፍሬ ተሸንፌ አለቀስኩ፣ ተደብቄ ሽንት ቤት።

ከዚያ መስታወት አመጣ፣ ፒያሳ የገዛው ራሱ፣
ግራዬን ከጀርባው ደብቆ «ቀኝዎን ያንሱ!» አለኝ፤ «ያንሱ!»
አነሳሁ። መስታወቱ ውስጥ ግራዬ ተነሳች፣
ተከፈተች፣ ተጨበጠች፣ ለሰላምታ ተዘረጋች።
ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን አመነላት።
ሽማግሌ ለእርቅ ሲል ቢዋሽ፣ ማን ቆጥሮት ያውቃል ከኃጢአት?

ሰኞና ሐሙስ በሚኒባስ ሐረጎን እየወጣሁ፣
በጋቢ የጠቀለልኩትን ክንዴን ረዳቱ «ዕቃውን አንሱት» አለ፤ ሳቅሁ።
ለትራንስፖርት እጅ ሲያጥረኝ (ቋንቋው ራሱ ሲያሾፍብኝ!) ቤት ቀረሁ፤
ጣሳ አነሳሁ፣ ጨርቅ ጨመቅሁ፣ የሹራቤን አዝራር ፈታሁ።
የዘሀራ ዱዓ፣ የእህቴ ጸበል፣ የነስረዲን ሽንብራ፣
ሦስቱም አልተጣሉም፤ ገቡ በየተራ።

አልዳነችም፤ አልዋሽም። ክር መቋጠር ገና ነው፤
ትንሿ ጣት እንደታጠፈች፣ ትከሻዬም ሌሊት ሌሊት ሕመም ነው።

ግን ትናንት ከሰዓት፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ
የቦርከናን ሙቀት በነጠላዬ ሳራግብ፣
ትንኝ ጉልበቴን ነከሰችኝ፤
ሳላዝዛት፣ ሳላስባት፣
ግራዬ ተነስታ ሄዳ
አከከችኝ።

ያለ መስታወት። ያለ ሻሽ። ያለ ልመና።

ጮኬ ዘሀራን ጠራኋት፤ በሊጥ እጇ እየሮጠች፣
«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለች፣ ደንግጣ።
«ምንም» አልኳት፤ «በላኝና አከከችኝ።»

እሷ ስቃ ስትገባ
ጉልበቴን ገልጬ ተቀመጥኩ፣
ትንኟን እየጠበቅሁ፣
ከተመለሰች ብዬ።