ያልተወራረደ ሂሳብ

መሐል ሜዳ፣ ማታ፣ ሰኔ ሀያ ዘጠኝ፣
በማዘጋጃ ቤቱ ብርድ እየቆረጠኝ፣
መብራት ስለጠፋ ሻማዬን አቅርቤ፣
ካፖርቴን ደርቤ፣
ዓመቱን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ ከመዝገቤ።

አጭር ባና ሆነ የበጀታችን ነገር፤
ወደ ራስ ሲስቡት ብቅ ይላል እግር፣
ወደ እግር ሲስቡት ራስን ብርድ መታ፤
መሐል ያለው ሆድ ነው ሁልጊዜ የሚረታ።
(አንድ ቀን ይህንን ብናገር ስብሰባ፣
«ቃለ ጉባኤ ላይ» አሉ «እንዳይገባ»።)

በሚያዝያ ጉባኤ ሦስት ጥያቄ መጣ፤
የቄራውን ጣራ ነፋስ ይዞት ወጣ፣
የገበያው መንገድ አምፖል የሞተበት፣
ደግሞም ቀጭን ውሃ፣ ድልድይ የሌለበት።
ቀጭን ያለው ማነው? በበጋ ያየው ነው፤
በሐምሌ ቢመጣ ሌላ ስም በሰጠው።
አምና፣ በዚያ ሐምሌ፣ ጸዳለን ምጥ ይዟት፣
የጤና ጣቢያው በር ማዶ እየታያት፣
እስኪጎድል ድረስ ሌሊት ጠበቀችው፤
ሳትሻገር ወልዳ «ተሻገር» አለችው።

መሐንዲስ ከዞን መጣ፤ ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ።
ግምቱ ሲነበብ፣ በዚያ ብርድ፣
የከንቲባው ላብ ወረደ።
ካዝናው ተራግፎ፣ ሳንቲሙ ተለቅሞ፣
ለግማሽ ድልድይ ነው—
ውሃ መሐል ቆሞ
ለሚቀር።

«ግማሽ ድልድይማ፣» አሉ ግንበኛው ጋሽ ወልደየስ፣
«ለዝላይ ነው እንጂ አይሆንም ለመድረስ።
ሲሚንቶና ብረት በካዝናችሁ ይገዛ፤
ድንጋይ እንደሆነ በመንዝ ከገብስ በዛ።»

ከዚያማ ድንጋይ መጣ።
በአህያ፣ በቃሬዛ፣ በትከሻ መጣ፣
ከወደቀ አጥር፣ ከአሮጌ ካብ ወጣ።
«ሞት ትንሽ ይታገሥ» አሉ ወይዘሮ አጸደ፤
የእድሩ ድንኳን ብር ለጣውላ ነጎደ።
ንፉጉ አዳፍሬ፣ ግብር ሸሽቶ ኗሪ፣
ያለቀ የወፍጮውን ድንጋይ ጫነ በጋሪ፤
(አራት ዓመት ጠርቼው በደብዳቤ፣ በጥሪ፣
አንድ ቀን ያልመጣ!)
ግንቦትን ሙሉ ጋሽ ወልደየስ እያሳሉ ገነቡት፤
ያን የወፍጮ ድንጋይ መሐሉ ላይ አስገቡት።
«እህል ሲፈጭ ኖሮ፣» አሉ፣ «አሁን ደግሞ ጎማ ይሂድበት።»

ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔን ጭንቅ ያዘኝ፤
ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቁጭ አርጎ አፈዘዘኝ።
«የዕቃው ዓይነት»? ድንጋይ። «ብዛት»? ማን ቆጠረ።
«የአንዱ ዋጋ»? እንግዲህ…
እዚህ ላይ ብዕሬ እንደ አህያ ገተረ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኦዲተሯ መጣች፣
መነጽሯን ጠርጋ ፋይሉን ዘረጋች።
«የድንጋዩ ደረሰኝ የታለ?» አለችኝ፤
ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ እሷም ተከተለችኝ።
ውሃው ሞልቷል። ያገሳል።
ጸዳለ ልጇን አዝላ ወደ ክትባት ስትሄድ፣
አለፈች በላዩ፣ እንደ ድሮ መንገድ፣
ድልድይ መሆኑንም ልብ ሳትል።

ኦዲተሯ ቆየች። ዝናብ ነካው ወረቀቷን።
ከዚያ በእርሳስ ጻፈች አንዲት ግኝቷን፦
«መደገፊያ የለውም።»
እውነቷን ነው፤ ማክሰኞ የአዳፍሬ አህያ ወድቃለች፤
በገመድ ወጥታለች፣ እስካሁን ታነክሳለች።

ነገ ሰኔ ሠላሳ።
«ተከፋይ» ከሚለው ሥር ስማቸው ሰፈረ፤
የብሩ ዓምድ ግን ባዶውን አደረ።
መደገፊያው ለከርሞ፣ ለከርሞ የቄራው ጣራ፣
አምፖሉም ለከርሞ—ከርሞ ስንቱን ይሥራ!

ሻማው ሊያልቅ ነው፤ ልቆልፍ ሰነዱን፣
መሐል መሐሉን ይዤ ልሻገር ድልድዩን፣
በጨለማ፣ በእግሬ፣ እየቆጠርኩ ድንጋዩን።