የተጣራ ተከፋይ

አዘዞ፣ ዘይት ፋብሪካው፣ ሂሳብ ክፍል፣ ሁለተኛው በር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበሬ እዚህ ነበር።
ዛሬ ግን ቆሜአለሁ ከመስኮቱ በውጪ፣
እንደ ማንም ባለጉዳይ፣ እንደ አቤቱታ አምጪ።

ውስጥ ያለችው ይታይሽ ናት፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣
ደብተር ማስመር፣ ድምር ማስታረቅ፣ እጇን ይዤ ያሳየኋት።
የፕሮቪደንት ፈንዴን ሂሳብ በመስኮት አቀበለችኝ፣
«ጋሼ ቢምረው» አለች፣ ቀና ብላ ግን አላየችኝ።

አየሁት። ጠቅላላ ጥሪት። ከሥሩ፣ በቀይ መስመር፣
ተቀናሽ የመንግሥት ግብር።
መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ አውቀዋለሁ ማስመሪያውን፣
መሳቢያ ውስጥ የተውኩትን፣ ጫፉ የተሸረፈውን።

«ሕግ ነው እኮ ጋሼ» አለች፤ ቃሉም የእኔ ነው፣ ድምፁም፤
ለስንቱ ብዬዋለሁ፣ ቀና ሳልል ለአንዱም።

ዘበኛው አስማረ፣ ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣
ጡረታ የወጣ ለት ከዚሁ መስኮት ደረሰ።
«ልጄ፣ ስህተት የለውም?» አለኝ ወረቀቱን ዘርግቶ፣
«የለውም» አልኩት፣ ብዕሬም ከደብተሩ አልተነሣ ከቶ።
እውነት ነው፣ አልተሳሳትኩም። ሳንቲም እንኳ አልጎደለም።
ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሂሳቡ አይደለም፤
ወንበር እንኳ አልሰጠሁትም።

እናቴ ቢምረው ስትለኝ ሞትን ነበር ያሰበች፤
ግብር የሚሉት እንዳለ ማን ይንገራት፣ ምን አወቀች?

ልጅ የለኝም። ይኼን ጥሪት ነበር ያሳደግሁት፣
ከጉሮሮዬ ነጥቄ፣ በወር በወሩ ያጎረስሁት፤
ሊጦረኝ ሲመጣ፣ አንድ እጁን ከክርኑ አጣሁት።

ባጃጁ ፋሲል ግቢን በግንቡ ጥግ ሲዞር፣
ሾፌሩ ያወራል፤ «እዚህ አዳራሽ ግብር ይበላ ነበር።»
ሳቄ መጣ። እኔንም ዛሬ ግብር ጠርተውኝ ነበር፣
ከበላተኛው ሳይሆን፣ ከሚበላው ሰፈር።
አዳራሹ ጣራ የለውም፤ ቁራ ይገባል፣ ይወጣል፤
የእኔም ጓዳ ዘንድሮ እንዲሁ ሰማይ ያያል።

ስልሳ ቆርቆሮ ነበር ለቤቴ ያሰብሁለት፤
ሲቀነስ፣ ሲጣራ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ደረሰለት።
ሃያ አንዱ መንገድ ይሁን፣ ጤና ጣቢያ፣ ወይ ጥቁር ሰሌዳ፣
ይሁን። የሀገር ነውና፣ መቼ እምቢ አልሁ ዕዳ?
ብቻ ሐምሌ ሲገባ፣ ከሠላሳ ዘጠኙ ማዶ፣
ባልዲ ደቅኜ ሳድር፣
ጠብታውን መቁጠሬ አይቀርም፤ መቁጠር ለምዶብኝ፣ ከአጥንቴ ተዋሕዶ።

ነገ ቀሃን ተሻግሬ የአስማረን ቤት እፈልጋለሁ፤
በሕይወት ካለ፣ ቆሜ፣ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤
«የአንተስ ስንት ቆርቆሮ ጎደለ?» እለዋለሁ።