ብልሽት፦ የለም

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤ ጎተንበርግ፤ የትራም ጋራዥ በር፤
ዝናቡ ከካፖርቴ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል፣ ሲንቆረቆር፣
ቅጹን እሞላለሁ ቆሜ፣
እንደ ሁልጊዜው ደክሜ።
ፍሬን፦ ይሠራል።
መብራት፦ ይበራል።
ብልሽት፦ የለም።
ፊርማ፦ ትርንጎ ዓለም።

ስልኩም ያው ነው። እህቴ ከደሴ ስትደውል፣
"እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ብርዱስ?" ስትል፣
"ደህና፣ ደህና፣ ይመስገን" እላለሁ፣ ቅጽ እንደሚሞላ ሰው፤
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

በጥር፣ በረዶ መንገዱን መስታወት ያደረገው ማታ፣
አንድ ልጅ ሐዲዱ ላይ አዳለጠው፣ ሲሮጥ ከፌርማታ።
ፍሬኑን ረገጥኩት። ብረት በብረት ላይ ጮኸ።
ልጁ ተነሣ፣ ቆቡን አራገፈ፣
እጁን አውለብልቦልኝ፣ ስቆ አለፈ።
በእሱና በእኔ መካከል የቀረው ስንዝር ነበር፤
ቅጹ ላይ ግን "ፍሬን፦ ይሠራል"፤ ሌላ ምንም አልነበር።

ፍሬኑስ ሠርቷል፣ እውነት ነው። እጄ ግን ሥራ አቆመ፤
ሻይ በያዝኩ ቁጥር ኩባያው ላይ ሲንቀጠቀጥ ከረመ።

ደብተሩን ከጣቢያው ሱቅ ገዛሁት፣ ሰማያዊ፣ ባለ መስመር፣
ለአስቤዛ ዝርዝር ብዬ፤ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ስኳር።
በመጀመሪያው ሌሊት ቀኑን ብቻ ጻፍኩ።
በሁለተኛው "ዝናብ" ብዬ ገጹን አጠፍኩ።
በሦስተኛው እስክሪብቶው፣ መውረጃው እንደ ደረሰ ሰው፣
ደወሉን ተጫነው።
"የልጁ ቆብ ቀይ ነበር። የፈራሁ መስሎኝ ነበር።
አይደለም። ተናድጄበት ነው። ስለ ሳቀ። ስለ ተነሣ።
እኔ ሐዲዱ ላይ ቀርቼ፣ እሱ ቤቱ ሳይደርስ ስለ ረሳ።"

አፈርኩ። ዐሥር ዓመት ባልሞላው ልጅ ቂም!
ልቅደደው ብዬ ገጹን ያዝኩት፤ ደግሞ አልቀደድኩትም።
ጠዋት ሳነበው፣ ያ እንቅልፍ የነሣኝ ጋራ
ሁለት መስመር ተኩል ነው፣ ወደ ቀኝ የተንጋደደ ተራ።

ሌላ ቀን ደግሞ "ሐዘን" በየትኛው "ሐ" ነው ብዬ ቆምኩ፤
ከተማርኩት ስንት ዘመኑ! ጠፍቶኝ ተጨነቅኩ።
ሀሌታው? ሐመሩ? ብዙኃኑ? ሦስቱንም ሞከርኩ ደግሜ፤
ሐዘኑ ራሱ ቆሞ ጠበቀኝ፣ እስክጨርስ ፊደል ለቅሜ።

ደብተር አያባብልም። ይመሰክራል እንጂ።
በኅዳር፣ "በዚህ ከተማ ሰላም የሚለኝ የለም" ብዬ ጽፌያለሁ።
ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ስገልጥ ሌላ አገኛለሁ፦
"አሮጊቷ ዛሬም መስታወቱን በቀለበቷ መታ መታ አድርጋ
ሰላም አለችኝ። ማክሰኞ ነው፣ እሷ ቀን አትስት።"
ውሸታሙ ማነው ታዲያ? ሁለቱም የእኔ ጽሕፈት።

ደግሞ ቆጠርኩ። "ደህና ነኝ" የሚለው አርባ አንድ ጊዜ።
"ደክሞኛል" ሁለቴ ብቻ። የት ሄደ ያ ሁሉ ትካዜ?
ለእህቴስ ይሁን፤ ለገዛ ደብተሬም ዋሽቼ፣
ብቻዬን ሳቅሁ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሻዬን አቀዝቅዤ ትቼ።

እሑድ ደወለች። "እንዴት ነሽ?"
"ዛሬስ ደህና አይደለሁም" አልኳት። "ግን እየጻፍኩት ነው።"
ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
ከዚያ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "እኔም" አለችኝ።

ትናንት ጋራዡ በር። ያው ዝናብ። ያው ቅጽ።
ፍሬን፦ ይሠራል።
መብራት፦ ይበራል።
እጄ "የለም" ሊል ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ።
"የዝናብ መጥረጊያው" ብዬ ጻፍኩ፣ "በግራ በኩል ያለው፣
ይጮኻል። ሁለት ዓመቱ ነው።"

ኢንግቫር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አነበበው።
"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ፤
መፍቻውን ይዞ ወጣ።
ዝናቡ ገና ነው።